የተለዋወጡት ቀበቶ

የዳኛው ሚስት የወለደችው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ግን እሱንም ባልወለድኩት ብላ ተመኘች። ድምጿን አውጥታ አላለችም። ሹካዋን ሳህኗ ላይ ጣል አድርጋ በሆዷ ነው ያለችው።

«የምጠይቅሽ ከባድ ነገር አይደለም» አለ ልጇ አፉን በሶፍት እየጠረገ። መሐንዲስ ነው፤ እናቱንም ሊፈርስ እንደ ደረሰ ሕንፃ ከላይ እስከ ታች እያየ ነው የሚያናግራት። «ክሊኒክ ትሄጃለሽ፣ ሰውነትሽ ይለካል። ደህና ናት ካሉ እዚሁ ቤትሽ ትኖሪያለሽ፤ ማን ገባ ማን ወጣ አልልም። ደህና አይደለችም ካሉ ግን እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ያ ሰውዬም እግሩ ደጃችንን አይረግጥም።»

«ያ ሰውዬ? ትምህርት ቤት ሲያመላልስህ ጋሼ ነበር የምትለው።»

«ደሞዝ እየተከፈለው ነዋ ያመላለሰኝ።»

ዳኛው ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሰው ግን ዛሬም የዳኛው ሚስት ይላታል፤ ሟቹ ከመቃብር ሆኖ የሚያዝባት ይመስል። በዕድሜዋማ አንቱ ልንላት በተገባ ነበር። ያፈቀረ ሰው አንቱ ሲሉት ግን አያምርበትም፤ ስለዚህ በዚህ ታሪክ እሷም፣ የወደደችውም ሰው አንቱ አይባሉም።

የወደደችው ሹፌሩን ነው። ዳኛውን ከቤት ችሎት፣ ከችሎት ቤት ሲያመላልስ ያረጀ፣ ኮቱን ሳይቆልፍ ከቤቱ የማይወጣ፣ ሲራመድ አንገቱን ቀና ስለሚያደርግ ሰፈርተኛው «ጅንኑ» ብሎ ያወጣለት ሰው ነው። ዳኛው ሲሞት መኪናው ተሸጠ። ሹፌሩ ግን በየወሩ ብቅ እያለ «እሜቴ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ማለቱን አልተወም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ የወሩ ጥየቃ የሳምንት ሆነ፣ የሳምንቱ የየቀን። አመሻሽ ላይ እየመጣ ክንዱን ይሰጣታል፣ ተያይዘው እስከ መናፈሻው ይሄዳሉ። ሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል። ዛፎቹ ሲጋርዷቸው «አንቺ» ይላታል። በዚያ ቃል የተነሳ የምትወደው የቀኑ ሰዓት አመሻሽ ሆነ።

ልንጋባ ነው ብላ ለልጇ ስትነግረው ነው እሳቱ የተጫረው። «የአባቴ ሹፌር በአባቴ አልጋ?» አለና በሩን ወርውሮ ወጣ። ለካ ሰበብ ብቻ ነበር የቸገረው። ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ተንሸራታ ጉልበቷን ስትመታ ለሱ ሰርግና ምላሽ ሆነለት።

«ዳግመኛ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?» አላት አሁንም።

«እሱ ያነሳኛል።»

«ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ?»

«ካንተ ይሻላል። አንተ ስልክ እንኳ አታነሳም።»

ልጇ ፊቱ ቀላ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተነሳና ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አፈሰ። «ትለኪያለሽ ወይስ አትለኪም?»

«እለካለሁ» አለች። እንደ ስድብ ነው የወረወረችለት። ከሄደ በኋላ ግን እጇ ሳታስበው ወደ ጉልበቷ ሄደ፤ ያንን ጉልበት ማመን ካቆመች ቆይታለች። ቤቷም፣ ሰውዬዋም፣ አመሻሿም በዚያ በማታምነው ጉልበት ላይ ተንጠለጠሉ። ፈራች፤ መፍራቷም አናደዳት።

*

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለቻቸው ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ሥራዋ የደከመን ሰውነት መልሶ መራመድ ማስለመድ ነው። የዳኛው ሚስት ብቻዬን አልለካም ብላ ሹፌሩንም ጎትታ አምጥታዋለች። ሹፌሩ እንቢ ብሎ ነበር። «ጤነኛ ሰው ምኑ ይለካል?» ሲል፣ «ጤነኛ ከሆንክ ምን አስፈራህ?» አለችው፤ ኮቱን ቆልፎ ተከተላት።

ልጅቱ ከወንበር አስነሳቻቸው፣ እስከ ግድግዳው አስኬደቻቸው፣ አዟዟረቻቸው። ሁለቱም እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ተራመዱ። ልጅቱ ሳቀች።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ሰነፍ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች። «ሰው ፊት ሲሆን ሁሉም ይጎብዛል። ለዚህ ነው ይሄ ቤት ድረስ አብሯችሁ የሚሄደው።» ክብሪት የምታህል መሣሪያ የተሰፋችበት ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ አነሳች። «ሳምንቱን ሙሉ ትታጠቁታላችሁ፤ የሚፈታው ገላ ስትታጠቡ ብቻ ነው። እርምጃችሁን፣ ከወንበር አነሳሳችሁን፣ ስትዞሩ መወላገዳችሁን ሁሉ ይመዘግባል። ሰው ድንገት ወደቀ ይባላል እንጂ ሰውነቱ አስቀድሞ ይናገራል። ይህቺ የምትሰማልን ያንን ነው።»

ቀበቶዎቹ መንትያ ናቸው፤ የሚለያቸው በጀርባቸው የተለጠፈው ቁጥር ብቻ ነው። የዳኛው ሚስት ይህን ያየችው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሐሳቡ ግን የመጣላት ኮሪደሩ ጫፍ፣ የኤክስሬይ ክፍሉን አልፈው ጭር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ነው።

«ቀበቶህን ስጠኝ» አለችው።

«ምን ሊሆንሽ?»

«አንተ የኔን ታጠቅ፣ እኔ ያንተን። ጉልበቴን ታውቀው የለ? አንተ እንደ ችካል ቀጥ ያልክ ሰው ነህ። ያንተ አካሄድ በኔ ስም ቢመዘገብ ልጄ አፉን ይይዛል። ያንተ ስም ቢበላሽ ደግሞ ማን ይቆጣሃል? ልጅ የለህ።»

 የሹፌሩ እጅ የቀበቶው ማጋጠሚያ ላይ ቆየ።

«የኔ አካሄድ . . .» አለና አቆመ።

«ያንተ አካሄድ ምን?»

ቀና ብሎ አያት። እሷ እየሳቀች ነበር፤ ከምሳው ጠብ ወዲህ የሳቀችው ገና ያኔ ነው። ያንን ሳቅ አይቶ ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ።

«ምንም» አለ። ማጋጠሚያውን ፈትቶ ሰጣት።

«ዳኛ ያመላለሰ ሰው ማጭበርበር ይከብደዋል መሰለኝ» ብላ ቀለደችበት። ቀበቶውን ከሹራቧ ስር አጥብቃ ታጠቀችው። የሱ ገላ ሙቀት ገና አለቀቀውም ነበር፤ ቤቷ እስክትደርስ ከትምህርት ቤት እንደ ፎረፈች ልጅ ብቻዋን ፈገግ አለች።

*

የውጤቱ ቀን ልጇ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ለፍርድ የሚቀርብ ሳይሆን ፍርድ የሚሰጥ ነበር የሚመስለው፤ በዚህስ አባቱን ቁርጥ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሹፌሩ ውጤቱን ሰምቶ እየወጣ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ከኋላው «አባባ፣ እርስዎማ ገና ጎረምሳ ነዎት። እንዳያርፉ፣ ይራመዱ» ስትለው የዳኛው ሚስት ሰማች። ልቧ ዘለለ። ያ እሷ የታጠቀችው ቀበቶ ነው፣ የሷ ጉልበት ነው! የማታምነው ጉልበት ደህና ኖሯል። የሷ እንዲህ ከሆነማ የሱ፣ የችካሉ ሰው፣ ምን ሊሆን ነው?

ዓይኑን ፈለገችው፤ አብራው ልትስቅ። እሱ ግን ቀና አላለም። ፊቱ አመድ መስሏል። «እሜቴ» ብሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንደ ድሮው ሹፌር አለፋት። ልጇን ስለ ፈራ ነው አለች በልቧ፤ አንገቱን ደፍቶ ማለፉ ግን ከነከናት።

ልጅቱ የኮምፒውተሩን ገጽ ወደነሱ አዞረች። መስመሮቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ አብዛኞቹ ቀይ ናቸው።

«እማማ፣ ልደብቅዎት አልችልም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እርምጃዎ አጭርና የተዘበራረቀ ነው። ሲዞሩ ወደ ግራ ይጥልዎታል። ከወንበር የሚነሱት ደጋግመው ሞክረው ነው። ሌሊት ሲነሱ ደግሞ ቆም ቆም እያሉ ነው የሚሄዱት፤ ግድግዳ እየያዙ ይመስለኛል። የመውደቅ አደጋዎ በጣም ከፍተኛ ነው።»

«አላልኩም?» አለ ልጇ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ መደበቅ ረስቶት ነበር።

የዳኛው ሚስት መሣሪያው አብዷል ልትል አፏን ከፈተች። ልጅቱ ግን ቀጠለች።

«አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶኛል። በየቀኑ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አካሄድዎ ይለወጣል። ይኸው፣ ይዩት። እርምጃው ይረዝማል፣ መወላገዱ ይጠፋል፤ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ሲመሽ ተመልሶ ይበላሻል። በዚያ ሰዓት ምን ያደርጋሉ? ባውቀው ለሕክምናው ይረዳኝ ነበር።»

የዳኛው ሚስት ክው አለች። በገጹ ላይ በቀዩ መካከል አረንጓዴ ቁራጭ አለች፤ በየቀኑ አንዲት ቁራጭ። በዚያች ሰዓት ሹፌሩ የት እንደሚሆን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የሷ ክንድ ውስጥ ነው የሚሆነው። ከዚያ ውጭ ያለው ቀይ ሁሉ እሷ አይታው የማታውቀው ሰው ነው፤ ግድግዳ እየዳበሰ መጸዳጃ የሚሄድ፣ ከወንበሩ መነሳት የሚያቅተው ሰው።

«እማማ? ምን ያደርጋሉ?»

«ሻይ እጠጣለሁ» አለች።

«እንግዲያው ሻዩን ይቀጥሉበት» አለች ልጅቱ ግራ እንደ ገባት።

አሁን መናገር ትችላለች። ቀበቶውን የታጠቅኩት እኔ አይደለሁም ብትል ቤቷም ነፃነቷም ይመለሳል። ግን እንዴት ትበል? እሱን በሚንቀው ልጅ ፊት የሰውየውን ገመና ዘርግፋ? ገና ሳትወስን ልጇ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«የሚገርመው እሱ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ትናንት ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ውጤቷ ጥሩ አይሆንም አለኝ። አየሽ የምትመኪበትን ሰው?»

የዳኛው ሚስት ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ያውቅ ነበር ማለት ነው። እያወቀ ቀበቶውን ፈትቶ ሰጣት፤ እያወቀ ሳምንቱን ሙሉ ክንዷን ይዞ ስለ ሰርጋቸው አወራት፤ ከዚያ ሄዶ ለልጇ አሳበቀባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ደግሞ የብብቷም አስቀድሞ የበሰበሰ ኖሯል።

«እሺ» አለች ተነስታ። «አንተ ጋ እገባለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ አግዳሚው ወንበር ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑ አናደዳት፤ ቢኖርበትም ኖሮ ትናደድ ነበር።

*

ልጇ ሻንጣዎቿን ያሰናዳው በዚያው ቀን ነው፤ እናቱ ሐሳቧን እንዳትለውጥ። ልብሶቿን ሳያጥፍ እያፈሰ ይከታል። የአባቱን ፎቶግራፍ ብቻ በፎጣ ጠቀለለ።

እሷ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ስልኳ ነዘረ፤ ሹፌሩ ነው። «አመሻሽ ላይ እመጣለሁ። የምነግርሽ አለ» ይላል መልእክቱ። ወዲያው ጻፈች፤ «አትምጣ። የምትነግረውን ለልጄ ነግረኸዋል።» ላከችው። ከላከችው በኋላ ደጋግማ አነበበችው፤ በጣም አጭር ሆኖባት ሌላ ስድብ ፈለገች፣ አላገኘችም።

ግን መጣ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የግቢው በር ተከፈተና ሹፌሩ ኮቱን ቆልፎ፣ አንገቱን አቅንቶ ገባ። ልጇ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፍቶ ሻንጣ እየጫነ ነበር።

«ሰውዬ፣ ውጣ» አለው።

ሹፌሩ አልፎት ሄደ። ከበረንዳው ደረጃ ስር መጥቶ ቆመ። የዳኛው ሚስት ከላይ ሆና ቁልቁል አየችው። ከደረጃው ጎን የብረት መደገፊያ አለ፤ እሱ ግን ነክቶት አያውቅም። ዛሬም አልነካውም።

«ልጄ ቢሮ ሄደህ ነበር?» አለችው።

«ሄጄ ነበር።»

«ውጤቷ ጥሩ አይሆንም አልከው?»

«አልኩት።»

«አሳባቂ» አለችው። «ዕድሜ ልክህን የሰው መኪና ስትነዳ የሰው ወሬ ማቀበልም ለምደህ ኖሯል።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ጎመዘዛት። የልጇን አንደበት ነው የተዋሰችው። ሹፌሩ ጉንጩን በጥፊ እንደ ተመታ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ።

«አላስጨረሰኝም» አለ። «ውጤቷ ጥሩ አይሆንም ስለው ጥበቃውን ጠርቶ አስወጣልኝ አለ። ልጅሽ ይኸው ቆሟል፣ ጠይቂው።»

አንቺ አላት። ልጇ ፊት፣ በገዛ ግቢዋ፣ ከደረጃው ስር ቆሞ አንቺ አላት። ልጇ የያዘውን ሻንጣ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ለሹፌር ወሬ ጊዜ አልነበረኝም» አለ።

«ቢያስጨርስህ ምን ልትለው ነበር?» አለች እሷ። መልሱን እያወቀች ነው የጠየቀችው። ከሱ አፍ ካልሰማች አይበርድላትም።

ሹፌሩ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ቀይ ሆኖ የሚመጣው የኔ ነው ልለው ነበር። እሷ ደህና ናት፤ ቀበቶ ተለዋውጠን ነው። ቤቷን እንዳትነካባት።»

«የምን ቀበቶ ነው የምታወሩት?» አለ ልጇ።

«የኔን እሱ ታጠቀ፣ የሱን እኔ» አለች ዞር ብላ ሳታየው። «ጎረምሳ ነዎት የተባለው የኔ ጉልበት ነው። ሻንጣዬን አውርድ።»

ልጇ ነገሩ እስኪገባው ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «አሃ። ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ልታሞኙኝ ነው። በዚህ ዕድሜ ፈተና ኩረጃ?»

እሷ ግን ልጇን አልሰማችውም። ደረጃው ጫፍ ድረስ መጥታ ሹፌሩን ብቻ ታየው ነበር።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ? አልሰጥም ማለት አቅቶህ ነው?»

«እንደ ችካል ቀጥ ያልክ ነህ አልሽኛ» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «እየሳቅሽ ነበር። ያንን ሰምቼ ምን ልበል? ኧረ እኔ ወዳቂ ነኝ ልበልሽ? ማታውኑ ልነግርሽ አሰብኩ፤ ነገ ልንገራት አልኩ፣ ነገም ሲመጣ ነገ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓመት አልፎታል። ቤቴ ውስጥ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምሄደው። እዚህ ስመጣ ያንቺ አጥር ጥግ ጋ ቆሜ እስኪለቀኝ እጠብቃለሁ። ኮቴን እቆልፋለሁ። ከዚያ እገባለሁ።»

የዳኛው ሚስት ያንን የአጥር ጥግ ታውቀዋለች። ስንት አመሻሽ መስኮቱ ጋ ሆና ዘገየብኝ እያለች በውስጧ ስትቆጣው፣ እሱ እዚያው ጥግ ላይ ቆሞ ከገዛ እግሩ ጋር እየታገለ ነበር። አሳዘናት፤ ንዴቷ ግን አልለቀቃትም።

«ጉድ ነው» አለ ልጇ። «ስለዚህ ሊያገባሽ ሳይሆን ሊጦርብሽ ነው የመጣው። አስታማሚ ፈልጎ።»

ሹፌሩ ወደሱ ዞረ። በልጅነቱ ክርኑን ሲላጥ ያሰረለትን፣ ትምህርት ቤት በር ላይ እንባውን የጠረገለትን ያንን ልጅ ትኩር ብሎ አየው። ሊሰድበው ይችል ነበር። እራሱን ነቀነቀ እንጂ አልሰደበውም።

«እውነቱን ነው» አለ። «ሻንጣዋን መልስላት። እሷ ቤቷ ትኑር፣ እኔ ከዛሬ ወዲያ አልመጣም። ሰው ሳነሳ ኖርኩ እንጂ ሰው ሲያነሳኝ አለመድኩም።» ወደ እሷ አንዴ አየ። «ደህና ይሁኑ፣ እሜቴ።»

እሜቴ ሲላት የሆነ ነገር በደረቷ ውስጥ ተቆረጠ።

ሊሄድ ዞረ። ሲዞር ወደ ግራ ጣለው። ልክ ልጅቱ እንዳለችው፣ ወደ ግራ። አንድ እግሩ ሌላውን ጠለፈው፣ እጁ የሚይዘው አጥቶ አየር ጨበጠ። አልወደቀም፤ በጉልበቱ እጥፍ ብሎ እንደ ምንም ቆመ። የኮቱ ቁልፍ ተበጥሶ መሬት ላይ ተንከባለለ።  እሱ ቁልፉን ለማንሳት አላጎነበሰም፤ ቢያጎነብስ እንደማይነሳ ለሦስቱም ገባቸው።

«ቁም» አለችው።

ደረጃውን ወረደች። ምንም ሳትይዝ፣ በማታምነው ጉልበቷ ነው የወረደችው። ፊቱ መጥታ ቆመችና ቁልፉን አንስታ መዳፉ ውስጥ ጥላ ጣቶቹን ጨምቃ ዘጋችበት።

«ጅንን» አለችው። «ራስህን ብቻ የምትወድ ጅንን። እኔ ያንን አንካሳ ጉልበቴን አምኜ ሰጠሁህ። መታጠቢያ ቤት ወድቄ ርቃኔን ስንፏቀቅ ያደርኩ ሴት መሆኔን ለማን ነገርኩ? ላንተ ነው። ለወለድኩት ልጅ ያልነገርኩትን። አንተ ግን ያንተን ደበቅከኝ። ያዋረደኝ መውደቅህ አይደለም። መደበቅህ ነው።»

ልጇ ይህን ሲሰማ ዓይኑ መሬት ወረደ። ሌሊቱን እዚያ ወለል ላይ ማደሯን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ያን ሌሊት ደውላለት ነበር፤ አላነሳም።

«ያቺ ልጅ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» ቀጠለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ቁጣዋም ከእንባዋ ጋር ነበር። «ቀኑን ሙሉ ይወላገዳሉ፤ አመሻሽ ላይ ብቻ ይስተካከላሉ አለችኝ። አስመስለህ ነው እንዳልል፣ ያን ያህል መንገድ ሙሉ ሲያስመስል የሚዘልቅ ሰው የለም። በዚያ ሰዓት ምን ያደርጋሉ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ሻይ እጠጣለሁ አልኳት። ልጄ ፊት ምን ልበላት?» ወደ ልጇ ዞረች። «አሁን ልንገርህ፣ ስማ። በዚያ ሰዓት ከምወደው ሰው ጋር እሄዳለሁ።»

 ሹፌሩ የተጨበጠ እጁን እያየ፣ «እኔ እኮ የምደግፍሽ እኔ መስሎኝ ነበር» አለ።

«እኔም አንተ መስለኸኝ ነበር።»

ልጇ የመኪናውን ኮፈን ደረገመው። የተናገረው የሰማውን መሸከም ስላቃተው ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን ቃል ነው። «በይ እንግዲህ ከሹፌርሽ ጋር ተደጋገፊ። ስትወድቁ እንዳትደውይልኝ» አለ። መኪናው ተነስቶ ከግቢው ወጣ። ሻንጣዎቿ፣ ልብሶቿ፣ በፎጣ የተጠቀለለው የዳኛው ፎቶግራፍ ሁሉ ውስጡ ነበሩ።

እናት ናትና መኪናው እስኪሰወር ድረስ አየችው። የተናገረችውን ሁሉ መልሳ ለመዋጥ የፈለገችበት አንድ አፍታ ነበር፤ አለፈ። ሕመሙ ግን አላለፈም፤ ለብዙ ጊዜም አብሯት እንደሚኖር አወቀች።

«በኔ ምክንያት ልጅሽን አጣሽ» አለ ሹፌሩ።

«ዝም በል» አለችው። «ነገ ጠዋት ክሊኒክ እንሄዳለን። ለዚያች ልጅ ያጭበረበርነውን እንነግራታለን፤ ትሳደብ፣ ይገባናል። እሷ የምትልህን ሁሉ ታደርጋለህ። ዱላም ያዝ ካለችህ ትይዛለህ።»

«ዱላ አልይዝም። ሰው ምን ይላል?»

«የዳኛው ሚስት ሹፌር አገባች ይላል። ከዚህ የባሰ ምን ሊሉ ነው?»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ክንዷን ሰጠችው። በየቀኑ ክንዱን የሚሰጣት እሱ ነበር፤ ዛሬ እሷ ናት። ትንሽ ዘግይቶ ተቀበላት።

ደረጃው ስር ሲደርሱ፣ «መደገፊያውን ያዝ» አለችው።

ዙሪያውን አየ። ማንም የለም፤ ቢኖርም ኖሮ አይቀርለትም ነበር። ያንን ነክቶት የማያውቀውን ብረት በሌላ እጁ ያዘ። ወጡ። እሱ አንዱን እግር አስቀድሞ ሌላውን እያስከተለ፣ እሷ ከጎኑ ሆና በሱ ልክ እየዘገየች። መሃሉ ላይ ቆመ። ኮቱ ያለ ቁልፍ ተከፍቶ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል።

«ቆይ» አላት። «ደከመኝ።»

እወድሻለሁ ብሏት ያውቃል፤ መናፈሻው ውስጥ፣ ዛፎቹ ስር፣ ከአንድም ሁለት ሦስቴ። ደስ ብሏት ነበር፤ የሰለጠነ ሹፌር ንግግር ያውቃል ብላም በልቧ ቀልዳበት ነበር። ይህቺን «ደከመኝ» ግን ያለ ቀልድ አመነቻት። ክንዱን ወደ ጎኗ አስጠግታ፣ ሳታጣድፈው፣ ትንፋሹ እስኪመለስ አብራው ቆመች።